ቮካላችሁ ከሩቅ ለሚመጣባችሁ፦ ጥርት ብሎ ጆሮ ስር የሚቀመጥ ድምፅ ቤት ውስጥ መቅዳትና ሚክስ ማድረግ

ቮካሉ ተቀድቷል። ክላሲካሉ (ያለ ድምፃዊ የተሠራው የዘፈኑ ሙዚቃ) ላይ ሲጫን ግን ድምፃዊዋ ኮሪደር ላይ ቆማ የምትዘፍን ትመስላለች። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ኢኮ ይጨምራል። ይብስበታል። ቀጥሎ ከፍ ያደርገዋል፤ አሁን ደግሞ ጆሮ ይበሳል። መጨረሻ ላይ "ማይኩ ርካሽ ስለሆነ ነው" ይባላል።

ማይኩ ብዙ ጊዜ ከደሙ ንጹህ ነው። ድምፅ ቅርብ የሚመስለው የክፍሉ ነጸብራቅ ሲያንስና ጥቃቅኑ ነገር ሲሰማ ነው፦ ትንፋሹ፣ የከንፈር መላቀቁ፣ የቃሉ ጭራ። ሁለቱም የሚገኙት ስትቀዱ ነው። ሚክስ የተቀዳውን ያጎላል እንጂ ያልተቀዳ ቅርበት አይፈጥርም። ስለዚህ ከታች ያለው ረጅሙ ክፍል ከሚክስ በፊት ያለው ነው። እሱን ዘላችሁ ወደ ኢኪው (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ መጨመሪያና መቀነሻ) ቁጥሮች ብትሮጡ አትጠቀሙም።

መመሪያው የተጻፈው አንድ ማይክ፣ አንድ ሳውንድ ካርድ፣ አንድ ላፕቶፕና ከአቀናባሪ የመጣ ክላሲካል ይዞ ተከራይቶ በሚኖርበት ክፍል ለሚቀዳ ሰው ነው። ዘፈኑ ለስለስና ቀስ ያለ ነው ብለን እንያዝ። ለሞቀ ጭፈራ ከሆነ አንዳንዱ ቁጥር ይለያል።

## ደረጃ 1፦ ክፍሉን አፍኑት

1.1 ክፍል ምረጡ። ሳሎን ሴራሚክ ወለልና ባዶ ግድግዳ ካለው ተዉት። አልጋ፣ ፍራሽና ልብስ ያለበት መኝታ ቤት ይሻላል። መሀሉ ላይ ቆማችሁ አንዴ በኃይል አጨብጭቡ። ከጭብጨባው በኋላ "ዝንን" የሚል ጭራ ከተሰማ ክፍሉ ገና ነው።

1.2 ጋቢውን ትክክለኛው ቦታ ስቀሉ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ብርድ ልብሱን ከማይኩ ኋላ ይሰቅላል። ካርዲዮይድ ማይክ ግን በጀርባው ብዙም አይሰማም፤ የሚሰማው ወደ ፊቱ ያለውን ነው። ፊቱ ያለችው ድምፃዊዋ ናት፤ ከእሷ ኋላ ያለው ግድግዳም ጭምር። ስለዚህ ወፍራሙ ነገር ከድምፃዊዋ ጀርባ ይሰቀል። ሁለት ብርድ ልብስ ወይም አንድ ድርብ ጋቢ ከጀርባዋ፣ ሌላ አንድ አንድ ከግራና ከቀኝ። ግድግዳው ላይ አትለጥፉት፤ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ብሎ ይንጠልጠል። የተሻለ ያፍናል። ወለሉ ላይ ምንጣፍ ጣሉ።

1.3 የእንቁላል ካርቶን አትለጥፉ። ክፍሉን አያፍንም። ጌጥ ነው።

1.4 ቁም ሳጥን ውስጥ አትግቡ። ልብስ ስላለበት ደህና ይመስላል። ግን ጠባብ ስለሆነ ወፍራሙን ድምፅ ያስተጋባና ሣጥን ውስጥ የታሸገ ነገር ይሆንባችኋል። በሩን ከፍታችሁ ልብሱን ከድምፃዊዋ ጀርባ ማድረግ ይሻላል። ከግድግዳ ቢያንስ አንድ ሜትር ራቁ፤ ከጥግም ሽሹ።

1.5 ጫጫታውን አጥፉ። ፍሪጁን ንቀሉ። የቤታችሁን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡ፤ ስትወጡ መልሳችሁ ለመሰካት ትገደዳላችሁ። ስልክ ሁሉ ኤርፕሌን ሞድ ላይ። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ በክረምት ከሰዓቱን እርሱት። ዝናብ የገባበትን ቮካል የሚያጸዳ ፕለጊን (መቅጃው ፕሮግራም ላይ የሚታከል የድምፅ ማስተካከያ) ድምፁንም አብሮ ይበላዋል። የጎረቤት ሙቀጫም ሰዓት አለው፤ እወቁት። ማምሻው ላይ ሰፈሩ ጸጥ ሲል መቅዳት ከማንኛውም ዕቃ የበለጠ ይጠቅማል።

ካልተሳካ፦ ጋቢው ተሰቅሎም ጭብጨባው ጭራ ካለው ጣሪያው ነው። ከድምፃዊዋ አናት በላይ በገመድ አንድ ብርድ ልብስ ወጥሩ።

## ደረጃ 2፦ መብራትና ገመድ

2.1 ላፕቶፑን ሞልታችሁ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ቅዱ። ሁለት ጥቅም አለው። መብራት ቢጠፋ በዩኤስቢ የሚሠራ ሳውንድ ካርድ አብሮ አይጠፋም። ሌላው ደግሞ የምድር መስመር የሌለው ሶኬት የሚፈጥረው "ኡምም" የሚል ጉምጉምታ ይጠፋል። የእኛ መብራት 50 ሄርዝ ስለሆነ ጉምጉምታው በ50፣ በ100ና በ150 ሄርዝ ላይ ይቀመጣል። ከተቀዳ በኋላ ማውጣቱ ራስ ምታት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ጉምጉምታውን ለማጥፋት ብላችሁ የሶኬቱን የምድር እግር አትቁረጡ። ሰው ይገድላል።

2.2 ኮንደንሰር ማይክ ከሳውንድ ካርዱ 48 ቮልት ይፈልጋል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ጌኑን (የማይኩን ድምፅ ማጉያ) ዜሮ አድርጉ፣ ገመዱን ሰኩ፣ 48ቱን አብሩ፣ ጥቂት ቆዩ፣ ከዚያ ጌን ስጡ። ስትነቅሉ ተቃራኒው። ሄድፎን ጆሮ ላይ ሆኖ ገመድ አይነቀል። ዳይናሚክ ማይክ 48 ቮልት አይፈልግም፤ ጌን ግን አብዝቶ ይጠይቃል። ክፍላችሁ አልታፈን ካለ ዳይናሚኩን ምረጡ፤ ሩቁን እንደ ኮንደንሰር አይለቅምም።

## ደረጃ 3፦ ማይኩን ማስቀመጥ

3.1 ፊቱን እወቁ። ትልልቅ ኮንደንሰር ማይኮች የሚዘፈንባቸው በአናታቸው ሳይሆን በጎናቸው ነው። ካርዲዮይድ ምልክቱ፣ ልብ የሚመስለው፣ ያለበት ጎን ፊቱ ነው። ማይኩን ገልብጦ ይዞ "ድምፄ ደብዛዛ ነው" የሚል ሰው ከምታስቡት በላይ ብዙ ነው።

3.2 ርቀቱ አንድ ስንዝር። ከአፍ እስከ ማይክ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ለሹክሹክታ የቀረበ ስንኝ ወደ 12 መጠጋት ይቻላል። ከ10 በታች ስትወርዱ ድምፁ እየወፈረ ይሄድና ቃሉ ይታፈናል። ርቀቱ ካልተያዘ ውፍረቱም በየቃሉ ይቀያየራል፤ ያንን ኢኪው አያስተካክለውም። ፖፕ ፊልተሩን (ከአፍ የሚወጣውን አየር የሚይዘውን ወንፊት) ከማይኩ በአራት ጣት ርቀት አቁሙት። ድምፃዊዋ ከፊልተሩ አልፋ መጠጋት አትችልም፤ እሱ ራሱ ርቀት ይጠብቅላችኋል። እግሯ የሚቆምበት ላይ ፕላስተር ለጥፉ።

3.3 ለአማርኛ ፊደል አስተካክሉት። ፊደሎቻችን ማይክ ላይ የሚያደርሱት ችግር የተለያየ ነው። "ፐ" እና "በ" አየር ይተፋሉ፤ ማይኩ "ቡፍ" ይላል። ፖፕ ፊልተር የሚይዘው ይህን ነው። "ሰ"፣ "ሸ" እና "ፀ" ያፏጫሉ። "ቀ"፣ "ጠ"፣ "ጨ" እና "ጰ" ደግሞ አየር አይተፉም፤ ይፈነዳሉ። ፊልተሩ አያቆማቸውም፤ ሹል ጫፍ ሆነው ይቀዳሉ።

መፍትሔው ማይኩን ከአፍ በትንሹ ከፍ አድርጎ በአፍንጫ ልክ ማቆም፣ ከዚያ ወደ አፍ ዘንበል ማድረግ ነው። ወይም ማይኩ ባለበት ይቁምና ድምፃዊዋ ከጎኑ አልፋ ትዝፈን፤ አቅጣጫዋን 15 ዲግሪ ያህል ማዞር ይበቃል። ለሙከራ እንዲህ ያለ ነገር አስብሏት፦ "ጴጥሮስ ጨው ቀጠቀጠ፣ ሰላም ሻሿን አሰረች፣ ፓፓያው በሰለ።" መልሳችሁ በሄድፎን ስሙት። ፉጨቱ ከበዛ ትንሽ ተጨማሪ አዙሩ፤ ድምፁ ከደበዘዘ መልሱ።

3.4 የግጥሙን ወረቀት በአፏና በማይኩ መካከል አታቁሙ። ከወረቀቱ የሚነጥረው ድምፅ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ይገባል። ወደ ጎን አድርጉት። ወረቀቱን መግለጥ ካስፈለገ በየገጹ መካከል ቁሙ።

## ደረጃ 4፦ ኮምፒውተሩ

ከአቀናባሪው ክላሲካሉን በዌቭ ፋይል ጠይቁ። ኤምፒ3 ከላከ መልሱለት። ከቻላችሁ መሣሪያዎቹ ለየብቻ የወጡበትን፣ ካልሆነ ቢያንስ ዜማውን የሚደግመው መሣሪያ የተነሳበትን ለምኑ። ቴምፖውንም አብሮ ይጻፍላችሁ።

ፕሮጀክቱን በ24 ቢትና በ48 ኪሎ ሄርዝ ክፈቱ። ክላሲካሉ በ44.1 ከመጣ ፕሮግራሙ እንዲቀይረው ፍቀዱለት፤ አለበለዚያ ቁልፉም (የዜማው ከፍታ) ፍጥነቱም ሊዛነፍ ይችላል። ክላሲካሉን 8 ዲቢ ዝቅ አድርጉት። ብዙ ጊዜ ማስተር ተደርጎ (የመጨረሻው የድምፅ ማጎልበት ተሠርቶለት) ጣሪያ ነክቶ ነው የሚመጣው፤ ቮካል የሚገባበት ቦታ የለውም።

ጌኑን ስታስተካክሉ ድምፃዊዋ የዘፈኑን ከፍተኛ ቦታ በሙሉ ድምፅ ትዝፈን። "ሄሎ፣ ቼክ" አይበቃም። ጫፉ −10 ዲቢ፣ መካከለኛው −18 ዲቢ አካባቢ ይሁን። የመቅጃው ቀይ ሲበራ ሁሉም ሰው ከሙከራው አስበልጦ ይዘፍናል፤ ለዚያ ቦታ ተዉ። የድምፅ መለኪያው ላይ ቀይ የነካ ድምፅ አይመለስም።

በፈሩን (ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት የሚያጠራቅመውን መጠን) 64 ወይም 128 አድርጉ። ድምፁ "ቅጭ ቅጭ" ካለ ወደ 256 ከፍ አድርጉና ሳውንድ ካርዱ ላይ ያለውን የቀጥታ መስሚያ ተጠቀሙ። በዚህ ጊዜ የቮካሉን ትራክ ፕሮግራሙ ውስጥ ዝጉት፤ አለበለዚያ ራሷን ሁለቴ ትሰማለች።

## ደረጃ 5፦ ሄድፎን

የዝግታ ዘፈን ሄድፎን ላይ ይሞታል ወይም ይድናል። ድምፃዊዋ ክላሲካሉን ጮክ ብላ ከሰማች ትጮሃለች። የጮኸ ድምፅ ደግሞ በምንም ዘዴ ጆሮ ስር አይቀመጥም። ስለዚህ ክላሲካሉን ዝቅ፣ የራሷን ድምፅ ከፍ አድርጉላት። ትንፋሿ እስኪሰማት። ያኔ ሳትነገር ራሷ ትለሰልሳለች።

ሄድፎኑ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ይሁን። ክሊኩ (ሄድፎን ውስጥ ምት የሚቆጥረው ድምፅ) ወደ ማይኩ ካፈሰሰ ቮካሉ ባዶ በሚሆንበት ቦታ ሁሉ "ቲክ ቲክ" ይላችኋል። ከቁልፍ የምትወጣ ከሆነ አንዱን ጆሮ ታውጣ፤ ያወጣችውን በኩል ግን ዝጉት። ሪቨርብ (የክፍል ማስተጋባት የሚያስመስል ኢኮ) ከፈለገች ሄድፎኗ ውስጥ ብቻ ስጧት። አብሮ አይቀዳ።

## ደረጃ 6፦ መቅዳት

1. ለብ ያለ ውሃ ይዘጋጅ። ወተት ያለበት ነገር አክታው የወፈረ ያስመስላል። አፏ "ቅጭ ቅጭ" ካለ አንድ ቁራሽ ፖም ይረዳል።
2. መጀመሪያ የክፍሉን ዝምታ 10 ሰከንድ ቅዱ። በኋላ ክፍተት ለመሙላት ታገኙታላችሁ።
3. ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ሦስት አራት ጊዜ ሙሉውን ቅዱ። ስትሳሳት አታቁሟት። ስሜቱ ያለው ብዙ ጊዜ እዚህ ውስጥ ነው።
4. ከዚያ በክፍል በክፍል፦ ስንኙ፣ አዝማቹ፣ መሸጋገሪያው።
5. አንድ ቃል ብቻ ልትደግሙ ስትፈልጉ ከአንድ መስመር በፊት አስጀምሯት። ከባዶ የተነሳ ቃል ትንፋሹም ጉልበቱም አይገጥምም።
6. ከፍ ባለው ቦታ ግማሽ ስንዝር ወደ ኋላ ትበል።
7. በየቅጂው መካከል ሴቭ አድርጉ።
8. ከመፍታታችሁ በፊት የማይኩን፣ የፊልተሩንና የፕላስተሩን አቀማመጥ በስልክ ፎቶ አንሱ። ነገ አንድ መስመር ለመድገም ይህ ፎቶ ያስፈልጋችኋል።

መመሪያ ስትሰጧት አታብዙ። "ሁለተኛው ላይ ሬው ትንሽ ወረደች፣ ሦስተኛው ላይ ትንፋሽሽ…" ካላችኋት ጆሮዋ ስህተት ፍለጋ ላይ ይቀራል። "ለአንድ ሰው ንገሪው" በቂ ነው። ጉሮሮዋ ሲሻክር ደግሞ አቁሙ። አንድ ተጨማሪ ቅጂ ያንን አያድነውም።

## ደረጃ 7፦ መምረጥና ማጽዳት

7.1 አጋጥሙ። ከቅጂዎቹ ምርጡን መሠረት አድርጉ። ደካማውን መስመር ብቻ ከሌላው ተኩ። የምትቆርጡበት ቦታ ላይ አስቡ። በአናባቢ መሀል ከቆረጣችሁ ይሰማል። "በቃ" በሉና አዳምጡ፤ "ቃ" ከመፈንዳቷ በፊት አንዲት ትንሽ ዝምታ አለች። እንደ "ቀ"፣ "ጠ" እና "ጨ" ያሉ የሚፈነዱ ፊደላት ሲጠብቁ ትገኛለች፤ በስክሪኑም ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሆና ትታያለች። እዚያች ላይ ቁረጡ። መገጣጠሚያውን ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሰከንድ አደራርቡት።

7.2 ትንፋሽ አትሰርዙ። ትንፋሽ ከተሰረዘ ሰውየው ይጠፋል። ከ6 እስከ 8 ዲቢ ዝቅ አድርጉት። ከአዝማች በፊት ያለውን ትልቁን ትንፋሽ ግን ባለበት ተዉት።

7.3 በእጅ አመጣጥኑ። ኮምፕረሰር (ከፍ ያለውን ድምፅ ራሱ ዝቅ የሚያደርግ ፕለጊን) ከመክፈታችሁ በፊት እያንዳንዱን መስመር ፋይሉ ላይ ከፍ ዝቅ አድርጋችሁ አቀራርቡ። አሰልቺ ነው። ግን ቮካል ተጨፍልቆ የሚሞተው ይህን ሥራ ለኮምፕረሰር ስንተውለት ነው።

7.4 ቁልፍ ማስተካከያውን በጥንቃቄ። አውቶቲዩን ለቅኝቶቻችን አልተሠራም። ሜጀር ላይ ትታችሁት ዘፈኑ አምባሰል ከሆነ ጉድ ይፈላል። ከዶ የተነሳ አምባሰል ዶ፣ ሬ ቤሞል (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለች ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ነው። ዶ ሜጀር ላይ የተቀመጠ ፕለጊን ሬ ቤሞሏን ወይ ወደ ዶ ወይ ወደ ሬ ይጎትታታል። አምባሰልነቷ ጠፋ ማለት ነው። የቅኝቱን አምስት ድምፆች ብቻ በእጅ ምረጡ፤ ፍጥነቱንም ቀስ ያለ አድርጉት።

ያም ሆኖ እንጉርጉሮው ላይ አጥፉት። ጉሮሮ የሚንቀረቀርበት ቦታ በድምፆቹ መካከል የሚንሸራተት ነው፤ ማሽኑ ደረጃ ደረጃ ያደርገዋል። ማቃናት ግድ ከሆነ ረጅሟን የማረፊያ ድምፅ ብቻ በእጅ አቅኑ። የመጣችበትን መንገድ አትንኩ።

## ደረጃ 8፦ ኢኪውና ኮምፕረሰር

ቅደም ተከተሉን ጠብቁ።

1. ከታች ቁረጡ። ለሴት ከ90 እስከ 100፣ ለወንድ ከ70 እስከ 80 ሄርዝ በታች ያለውን። ድምፁ ከሳሳ መልሱ።
2. የሚያፍነውን ቀንሱ። ከ200 እስከ 400 ሄርዝ መካከል፣ ከ2 እስከ 3 ዲቢ። አፍንጫ አፍንጫ ካለ 1 ኪሎ ሄርዝ አካባቢ ትንሽ።
3. ዲኤሰር (ፉጨት መቀነሻ)። ከ5 እስከ 8 ኪሎ ሄርዝ። "ሰ" ስትመጣ ብቻ 3 ወይም 4 ዲቢ ይቀንስ። ድምፃዊዋ ኮልታፋ ከመሰለች አብዝታችኋል።
4. የመጀመሪያው ኮምፕረሰር፣ ፈጣኑ። 4 ለ1፤ ጫፎቹን ብቻ 3 ዲቢ።
5. ሁለተኛው፣ ቀርፋፋው። 2 ለ1፤ በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 ዲቢ እየያዘ። አንድ ኮምፕረሰር 6 ዲቢ ከሚጨፈልቀው ሁለቱ ቢካፈሉት ድምፁ ይተነፍሳል።
6. መጨረሻ ላይ ብርሃን። ከ3 እስከ 4 ኪሎ ሄርዝ 1 ዲቢ ለቃላቱ ጥራት፣ ከ10 በላይ 2 ዲቢ ለአየሩ። ርካሽ ኮንደንሰር ላይ የላይኛውን አትጨምሩ፤ ብዙዎቹ ሲሠሩም እዚያ ላይ ይጮሃሉ።

ካልተሳካ፦ አንዳንዴ ከ"ቀ" ወይም ከ"ጠ" ቀጥሎ ያለው አናባቢ ሲሰምጥ ትሰማላችሁ። ፍንዳታው ኮምፕረሰሩን ቀስቅሶት ነው። የኮምፕረሰሩን አታክ (መጨፍለቅ ለመጀመር የሚወስደውን ጊዜ) ወደ 20 ሚሊ ሰከንድ አርዝሙት። ካልበቃ ፍንዳታዋን ብቻ ፋይሉ ላይ 3 ዲቢ ዝቅ አድርጉ።

## ደረጃ 9፦ ኢኮ

ሪቨርቡን ቮካሉ ላይ አትጫኑ፤ ለብቻው ትራክ ከፍታችሁ ላኩለት። ፕሌት የሚባለውን የሪቨርብ ዓይነት ምረጡ፣ ርዝመቱ 1 ሰከንድ አካባቢ። ዋናዋ ቁልፍ ፕሪ-ዲሌይ ናት፦ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሰከንድ ስጧት። ቃሉ ቀድሞ ጆሮ ይደርሳል፤ ክፍሉ በኋላ ይመጣል። ዜሮ ላይ ከተዋችኋት ቃሉና ክፍሉ አብረው ይመጡና ድምፃዊዋ ተመልሳ ኮሪደር ላይ ትቆማለች። የሪቨርቡን ታች እስከ 250 ሄርዝ፣ ላዩን ከ7 ኪሎ ሄርዝ ጀምሮ ቁረጡ። እስኪሰማ ከፍ አድርጉትና 3 ዲቢ መልሱ።

አንድ ጊዜ ብቻ የሚመልስ 100 ሚሊ ሰከንድ ዲሌይ በስሱ ብታክሉ ሳያርቀው ያወፍረዋል። በቴምፖው የሚሄድ ዲሌይ ካሻችሁ 60,000ን ለቴምፖው አካፍሉ፤ በ80 ቴምፖ አንድ ምት 750 ሚሊ ሰከንድ ነው። እሱን የመስመር መጨረሻ ላይ ብቻ ክፈቱት።

## ደረጃ 10፦ ክላሲካሉ ውስጥ ማስቀመጥ

መሣሪያዎቹ ለየብቻ ካሏችሁ ክራሩ፣ ፒያኖው ወይም ማሲንቆው ከ2 እስከ 4 ኪሎ ሄርዝ ላይ 2 ዲቢ ይቀነሱ። አንድ ፋይል ብቻ ከሆነ ክላሲካሉ ላይ 3 ኪሎ ሄርዝ አካባቢ ሰፋ አድርጋችሁ ከ1 እስከ 2 ዲቢ ቀንሱ። ቮካሉን ከመጨመር ይሻላል።

አሁን የቮካሉን ፌደር (የድምፅ መጠን መንሸራተቻ) በእጅ ያዙና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቃል በቃል ሂዱ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ የዘፋኝ ትንፋሽም የሚያልቀው እዚያው ነው። ስለዚህ የመስመሩ ትልቁ ቃል በጣም ዝቅ ብሎ የሚሰማው ቃል ይሆናል። "አንተን ብዬ ከቤቴ…" ይሰማል፤ "ወጣሁ" ይጠፋል። የመስመር መጨረሻዎችን ከ1 እስከ 3 ዲቢ አንሱ። ብዙ "ግጥሙ አይሰማም" የሚባል ዘፈን በዚህ ብቻ ይድናል።

ለመፈተን ድምፁን ሹክሹክታ እስኪያክል ዝቅ አድርጋችሁ ስሙ። ግጥሙን የማያውቅ ሰው ሁሉንም ቃል መያዝ አለበት። ከዚያ በስልክ ስፒከር፣ ከዚያ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ከሌላ ክፍል። ከሌላ ክፍል ቮካሉ ብቻውን ከተሰማ በዝቷል፤ ከበሮውና ቤዙ ብቻ ከተሰሙ አንሷል። ውሳኔውን ለማግስቱ አሳድሩት፤ የደከመ ጆሮ ሁልጊዜ ብርሃን ይጨምራል።

## ደረጃ 11፦ ማውጣት

ሦስት ቅጂ አውጡ፦ እንዳለው፣ ቮካሉ 1 ዲቢ ከፍ ያለበት፣ 1 ዲቢ ዝቅ ያለበት። ማስተር የሚሠራ ሰው ካላችሁ ማስተሩ ላይ ሊሚተር (ጫፉን የሚገድብ ፕለጊን) ሳታደርጉ በ24 ቢት ላኩለት፤ ጫፉ −6 ዲቢ ይሁን። ራሳችሁ የምትጨርሱት ከሆነ ጫፉን −1 ዲቢ ላይ ያዙት። ዩቲዩብና ስፖቲፋይ ከ−14 ላፍስ (የአማካይ ጩኸት መለኪያ) አካባቢ በላይ የጮኸውን ራሳቸው ዝቅ ያደርጉታል። ስለዚህ ለጩኸት ብላችሁ ጨፍልቃችሁ አትላኩ፤ ዝቅ ሲደረግ ጭፍለቃው ብቻ ይቀራል። ቮካሉን ብቻ ያለ ምንም ፕለጊን ለብቻው አውጥታችሁ በሌላ ሃርድ ዲስክ አስቀምጡ።